የአዌቱ ጎርፍ በዛ ወይስ እኛ በዛን?

ባለሱቁ_አዌቱ_ዳር

ሰላም ናችሁ የጅማ ልጆች። ሱቄ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ የወረደው ዝናብ ሱቅ ድረስ ገባብኝ። ሁለት ኩንታል ስኳር፣ ከታች የደረደርኩት ዱቄት በሙሉ፣ ሳሙና፣ ፍሪጁ፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። ጭቃውን ብቻ ስናወጣ አራት ቀን ፈጀብን።

ግን ለማልቀስ አይደለም የጻፍኩት። ግራ የገባኝ ነገር አለ።

የሱቁ በር መቃን ላይ አባቴ የመታቸው ሚስማሮች አሉ። ውሃ በገባ ቁጥር የደረሰበት ከፍታ ላይ አንድ ሚስማር ይመታ ነበር። ትልቁ ጎርፍ በደርግ ጊዜ የገባው ነው፣ ሚስማሩ ወገቤ ጋ ይደርሳል። የባለፈውን ክረምት እኔ ራሴ መታሁና ለካሁት፤ ከዚያኛው በአንድ ስንዝር ያንሳል። ውሃው አንሷል ማለት ነው። አባቴ ያን ጊዜ ያጣው ግን አንድ ጆንያ ጨውና ትንሽ ጋዝ ነበር። እኔ የሱቁን ግማሽ ካፒታል ነው ያጣሁት።

እማዬ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆይታ «ውሃውማ ያው ውሃ ነው ልጄ፣ እናንተ ናችሁ ወደሱ የሄዳችሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ድሮ ከሱቁ ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ሣር ነበር፣ ከብት ይግጥበት ነበር። አሁን ቤት በቤት ሆኗል።

ዜና ስከፍት ደግሞ ሁሉም ነገር የአየር ንብረት ለውጥ ነው ይላሉ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። በጎርፍም በድርቅም የሚደርሰው ጉዳት ከዘመን ዘመን የጨመረው ሰማዩ ስለተለወጠ ነው ወይስ እኛ ስለተለወጥን? እና ለምንድነው አንዳንድ አካባቢ ሁልጊዜ የሚመታው? የምሬን ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱም ወይ ሱቁን ሸጬ ልሂድ ወይ ልቆይ መወሰን አለብኝ።

ጡረተኛ_መምህር_ጅሬን

ልጄ፣ አይዞህ። እግዜር ይተካልህ። እናትህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር አንድ ወር ይፈጅብኝ ነበር።

ጉዳት ማለት ዝናቡ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው። አንደኛው የሰማዩ ነገር ነው፣ ምን ያህል ወረደ። ሁለተኛው ውሃው መንገድ ላይ ምን ቆሟል የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የቆመው ነገር ምን ያህል ይችለዋል፣ ጭቃ ቤት ነው ወይስ ድንጋይ፣ ባለቤቱ ተቀማጭ አለው ወይስ የለውም። የአባትህ ሚስማር የሚለካልህ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ኪሳራህን ያበዛው ሁለተኛው ነው። አባትህ ፍሪጅ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ፍሪጅ ሊያጡ አይችሉም ነበር።

ከተማችንን ተመልከት። በ1987ቱ ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 88,867 ነበር። በ1999ኙ 120,960 ሆነ። በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ ከሲሶ በላይ ጨመረ፣ ያም ቆጠራ ከተደረገ ስንት ዘመን አለፈው። ይህ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ደህና ደህናው ቦታ ተይዟል። አዲስ መጪ የሚያገኘው ገደል አፋፍ ወይም ወንዝ ዳር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ በዛ፣ ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ አስፋልት መጣ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ድሮ አፈር ይመጠው የነበረው ውሃ አሁን በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ አዌቱ ውስጥ ይገባል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ነው፤ የአገራችንን አብዛኛውን ክፍል ብታይ ይህ ብዙ ነው። እና ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ ብሎ ይለቅ የነበረው የቦዬ ረግረግ ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ ወፍ እንቆጥር ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። «ድሮ አደጋ ትንሽ ነበር፣ አሁን በዛ» የሚሉትን ግራፎች ስታይ ተጠንቀቅ። በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው የአደጋ መዝገብ ቤልጂየም ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢኤም ዳት የሚባለው ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1988 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ወደ ኋላ ሄደው ነው የሞሉት። ሬዲዮና ስልክ ባልነበረበት ዘመን በአንድ ወረዳ የደረሰ ጎርፍ ማን ይመዘግበዋል? ስለዚህ ከጭማሪው ከፊሉ የመዝጋቢው መጨመር ነው።

ሃይድሮሎጂ_ተማሪ

ጋሼ ስለ መዝገቡ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ልጨምርበት። እዚያ መዝገብ ውስጥ ለመግባት 10 ሰው መሞት አለበት፣ ወይም 100 ሰው መጎዳት አለበት፣ ወይም የአስቸኳይ ጊዜ መታወጅ ወይም የውጭ እርዳታ መጠየቅ አለበት። ወንድሜ፣ ያንተ ሱቅ አልተቆጠረም ማለት ነው። የጎረቤትህም። እንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ጎርፍ በየከተማው በየክረምቱ ይመጣል፣ ተደምሮ ግን የትም አይታይም።

ቁጥሩን ካነሳን አይቀር፣ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ያወጣው ሪፖርት አለ፣ ከ1970 እስከ 2019 ያለውን 50 ዓመት የሚያይ። በዚያ ዘመን ከአየር ጠባይ፣ ከአየር ንብረትና ከውሃ ጋር የተያያዙ ከ11,000 በላይ አደጋዎች ተመዝግበዋል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ሞቷል፣ 3.64 ትሪሊዮን ዶላር ወድሟል። የገንዘብ ኪሳራው ከ1970ዎቹ እስከ 2010ዎቹ ሰባት እጥፍ ሆኗል፣ በቀን ከ49 ሚሊዮን ዶላር ወደ 383 ሚሊዮን። የሟች ቁጥር ግን በተቃራኒው ወደ ሲሶ ገደማ ወርዷል። እኔን ይህ ነው ያስደነቀኝ። አደጋው እየበዛ፣ ብሩ እየጠፋ፣ ሰው ግን እየተረፈ ነው።

አሁን ወደ እኛ ስንመጣ። አፍሪካ ከአደጋዎቹ 15 በመቶው ነው የደረሰባት። ከሟቾቹ ግን 35 በመቶው የእኛ ናቸው። ከገንዘብ ኪሳራው ስንት የሆነ ይመስላችኋል? 1 በመቶ። አንድ ብቻ! ይህን ቁጥር ሳነብ ቆሜ ነው የቀረሁት። ያልተጎዳን ያስመስለናል። እ.ኤ.አ በ2005 አሜሪካን የመታው ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ 125 ቢሊዮን ዶላር አውድሟል ተብሎ ይመዘገባል፣ ምክንያቱም ቤቱም መኪናውም ዋጋ ተተምኖለታል፣ ብዙው ኢንሹራንስ አለው። ያንተ ስኳርና ፍሪጅ በዶላር ቢመነዘር ለእነሱ ምንም ነው። ለአንተ ግማሽ ሱቅ ነው። ስለዚህ «የትኛው አካባቢ ተጎዳ» ሲባል መጀመሪያ በምን ተለክቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

በዚያ ሪፖርት ውስጥ በአፍሪካ ከሞተው ሰው 95 በመቶውን የገደለው ድርቅ ነው። ከሁሉም በላይ ሰው ከገደሉት አደጋዎች አንዱ የእኛው የ1977 ድርቅ ነው፣ 300,000 ሰው ብለው መዝግበውታል፤ ከዚያ በላይ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው።

የቆጪ_ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልተስማማሁም። ሁላችሁም ዞራችሁ ጥፋቱን ነዋሪው ላይ ጣላችሁት። ሰው ወዶ ነው እንዴ ወንዝ ዳር የሚሰራው? ኪራይ ስንት እንደገባ እናውቃለን። የቀን ሠራተኛ ሌላ የት ይግባ?

ደግሞ ሰማዩ አልተለወጠም የሚባለው ልክ አይደለም። አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፤ ይህ ፊዚክስ ነው፣ ክርክር የለውም። ሲዘንብ ያንን ነው የሚያወርደው። ለዚህ ነው ዝናቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዱብ የሚለው። አጠቃላይ የዓመቱ መጠን ሳይለወጥም እንኳ አወራረዱ ሊለወጥ ይችላል።

ቦረናንስ ምን ልትሉ ነው? ቦረና ማንም ረግረግ ላይ ፎቅ አልሠራም። እ.ኤ.አ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ከብቱ በሚሊዮን አለቀ። ያን ድርቅ ያጠኑ ሳይንቲስቶች የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ዓይነቱን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን 100 ጊዜ ያህል አሳድጎታል ብለዋል። ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፣ ሙቀቱ ከአፈሩ የሚያተነው እርጥበት ጭምር ነው። ሙቀቱን ያመጣው ማን ነው? ባለከብቱ አይደለም።

ስለዚህ እኛ ብቻ ነን አትበሉ። ያናድዳል።

ጡረተኛ_መምህር_ጅሬን

የቆጪ ልጅ፣ ብትቆጣም ልክ ነህ። ድሃውን መውቀሴ አልነበረም፣ እንደዚያ ከተነበበ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ቦረና ያልከውንም እቀበላለሁ። ሰማዩም ተለውጧል፣ እኛም ተለውጠናል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚመቱን።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ በዓይኔ ስላየሁት። በ1977 ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ከወሎና ከትግራይ የመጡ ሰፋሪዎች በመኪና ተጭነው ወደዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመጡ አይቻለሁ። የሰው ቅርጽ ብቻ የቀራቸው ልጆች ነበሩ። ያን ፊት አልረሳውም። ከዚያ በ2008 ኤልኒኞ የሚሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ያመጣው ድርቅ መጣ። በአንዳንድ ቦታ ዝናቡ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር የተባለለት ነው። 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ሕዝቡ ደግሞ ከ1977 በእጥፍ በልጦ ነበር። እንደዚያን ጊዜ ግን አላለቀም። ለምን? ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት ነበር፣ መንገድ ተሠርቶ ነበር፣ መንግሥትም ገንዘብ መድቦ እህል ቀድሞ ገዝቷል፣ ለጋሾችም ረድተዋል። በ1977 ግን ጦርነት ነበር፣ ረሃቡም ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ነበር። ዝናብ ማጣት ሁለቱንም ጊዜ ነበረ። መሬት ላይ የጠበቀው ነገር ነው የተለያየው።

ባንግላዴሽም ተመሳሳይ ናት። እ.ኤ.አ በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ 300,000 ሰው ገደለባቸው። በ1991 ሌላው 139,000 ገደማ። በ2007 የመጣው ሲድር 3,400 ያህል። በ2020 አምፋን ሲመጣ 2.4 ሚሊዮን ሰው አስቀድመው አሸሹ፣ የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፣ ሕዝቡ እንዲያውም በዝቷል፣ ድሃነቱም ከአገሩ አልጠፋም። መጠለያ ሠሩ፣ ማይክራፎን ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች አደራጁ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጥ ነበር። ይቻላል ማለት ነውና።

የቡና_ልጅ_ጎማ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከጎማ ነኝ፣ አጋሮ አጠገብ። ስለ ጎርፍና ድርቅ ብቻ እያወራችሁ ነው፣ የኛን ጉዳት ማንም አደጋ ብሎት አያውቅም።

ቡና አበባ የሚያወጣው በበጋው መጨረሻ በምትመጣው ዝናብ ነው። ዝናቧ ትንሽ ጥላ ከጠፋች አበባው ይረግፋል። ከለቀማው በኋላ ደግሞ እሸቱ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፀሐይ ሲጠበቅ ዝናብ ከመጣ ይሻግታል። ዋጋው ይወርዳል። ቤቴ አልፈረሰም፣ ማንም አልሞተም፣ ዜና ላይ አንወጣም። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ከዚያ ቡና ነው የሚወጣው። አንድ ዓመት ቢሆን ተበድሬ አልፈዋለሁ። ሁለት ዓመት ሲደጋገም በሬው ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ጥሩ ቢሆንም እኔ አልጠቀምበትም።

«ለምን አንዱ አካባቢ ሁልጊዜ ይመታል» ላልከው ወንድሜ፣ የኔ መልስ ይህ ነው። የተመታ ሰው ሳይነሳ ሌላው ይመጣበታል። ጎረቤቴ የጥላ ዛፎቹን አልቆረጠም፣ ንብም አለው፣ ጓሮው ውስጥ እንሰትና ጎደሬ አለ። በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ቀበሌ፣ እሱ ከኔ ያነሰ ነው የሚጎዳው። እኔ ግራሩንና ዋንዛውን ቆርጬ ጫት ተክዬበት ነበር፣ አሁን ይቆጨኛል። መልሼ እየተከልኩ ነው፣ ግን ዛፍ ጊዜ ይፈልጋል።

ከኦሞ_የመጣሁ

ጅማ የምሠራ የደቡብ ኦሞ ልጅ ነኝ። ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናንተ አዌቱ የምትሉት ውሃ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል፣ ግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ደግሞ ኦሞ ሆኖ እኛ ጋ ይመጣል። በ1998 ነሐሴ ላይ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ 364 ሰው ወሰደ። እኛ ጋ ያን ያህል ዝናብ አልነበረም፣ ውሃው የመጣው ከደጋው ነው። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፤ እዚያም የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነው። ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ነው ሰው ተኝቶ ሳለ የመጣው። ከላይ ያለው ሰው ስልክ ደውሎ «እየመጣ ነው» ቢል ኖሮ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

የጎፋውንም ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ። መጀመሪያ ናዳው ጥቂት ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤት ሮጦ ሊያወጣ በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው ሊረዳ የሄደው ነው። ከናዳ በኋላ ሌላ ናዳ ሊከተል እንደሚችል የነገራቸው ቢኖር ያን ያህል አያልቁም ነበር። ደግ በመሆናቸው ሞቱ። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ለአንተ የምነግርህ ነገር፣ ዲቻችሁ ውስጥ የምትጥሉት ፌስታልና የምትለቁት አፈር እናንተ ጋ ብቻ አይቀርም። ታች ሰው አለ።

ሃይድሮሎጂ_ተማሪ

ነፍስ ይማር። ስለ ስልኩ ያልከው ነገር ልክ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ማለት ሳተላይት ብቻ አይደለም፣ ከላይ ያለው ሰው ለታችኛው መንገሩ ነው። አዌቱ አጭር ወንዝ ስለሆነ ከተራራው ዘንቦ ከተማ እስኪደርስ ጊዜው ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ዕቃ ከወለል ለማንሳት ትበቃለች።

ባለሱቁ፣ ስለ ሱቁ ከጠየቅከን ደግሞ ያ የአባትህ ሚስማር ወርቅ ነው። የአንድ ሰፈር የጎርፍ ታሪክ በዚህ ዓይነት የተጻፈበት ቦታ ብዙ የለም። ፎቶ አንሳው፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ለካና ዓመቱን ከእናትህ ጠይቀህ ጻፈው። ሲቻል የጎረቤቶችህንም ጠይቅ። ትቆይ ወይስ ትሂድ የሚለውን እኔ አልወስንልህም። ከቆየህ ግን ከትልቁ ሚስማር በታች ምንም ዕቃ አታስቀምጥ።

ባለሱቁ_አዌቱ_ዳር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ የቡና ልጅ፣ እናንተ የምታውቁትን እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ አላገኘውም ነበር። የኦሞው ወንድሜ፣ ለወገኖችህ እግዜር ነፍስ ይማር። አዌቱ እናንተ ጋ እንደሚደርስ በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ ከሱቅ ጀርባ ነበር የሚደፋው፣ እኔም ጭምር።

የቆጪ ልጅ፣ አንተም ልክ ነህ። ከጀርባዬ ያሉት ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ደንበኞቼ ናቸው። ሴትየዋ ያን ማታ ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነው የወጣችው። ወደ ሌላ ሰፈር ሂጂ የሚላት ሰው ሌላውን ሰፈር ሊያሳያት ይገባል።

ለጊዜው እዚሁ ነኝ። ዛሬ አናጢ ጠርቼ መደርደሪያውን ከትልቁ ሚስማር አንድ ክንድ ከፍ አስደርጌአለሁ። ስኳርና ዱቄት እዚያ ላይ ነው የሚወጣው፣ ታች የሚቀመጠው ጀሪካንና ባልዲ ብቻ ነው። እሑድ ከጎረቤቶች ጋር ዲቹን ልንጠርግ ተስማምተናል፣ የወጣውም ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ላይ ጅሬን በኩል አንድ የማውቀው ባለባጃጅ አለ፣ ከባድ ዝናብ ሲያይ ሊደውልልኝ ቃል ገብቷል። እኔ ደግሞ ለሴትየዋ እደውላለሁ።

ሚስማሮቹን ለካሁ። እማዬ ዓመቶቹን ነገረችኝ፣ አንዱን ግን አላስታወሰችም። «አንተ ሆዴ ውስጥ ነበርክ» ብቻ አለች። እሱኑ ጻፍኩት።